ከምግብ በኋላ፤ ግን ከየትኛው ምግብ?

እንቆቆ ፍሬ ነው። ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ተበጥብጦ ይጠጣል። ከኮሶ የሚጠጣው አበባው ነው፤ ከመተሬ ዘሩ። ጥሬ ሥጋ በሚወደድበት አገር እነዚህ ሦስቱ የኮሶ ትልን የሚያስወጡ የቤት መድኃኒቶች ነበሩ። የአወሳሰዳቸውንም ደንብ ሕፃን አዋቂው ያውቀዋል፦ ማለዳ፣ በባዶ ሆድ፤ ሆድ እስኪታጠብ ድረስም እህል አይቀመስም። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤቱ አይወጣም፤ እንግዳም አይቀበልም። በ18ኛው መቶ ዘመን ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ስለ ኮሶ ዛፍ ጽፎ ሥዕሉን ጭምር አሳትሟል። በሚቀጥለው መቶ ዘመን ደግሞ የደረቀ የኮሶ አበባ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመር። አበባውን ገዝተው ወሰዱ። ደንቡን ያበጁት ግን ምግብና መድኃኒት ሆድ ውስጥ እንደሚገናኙ ማንም ኬሚስት ሳይነግራቸው የተረዱ የአገራችን ሰዎች ናቸው።

ዘመናዊው መድኃኒት ወደ አዲስ አበባው ልደታ ሰፈር ሲገባ ከዚህ በጣም ያጠረ ደንብ ይዞ ነው የገባው። በ1947 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የሶቪየት ቀይ መስቀል በልደታ ሆስፒታል ከፈተ። ሆስፒታሉ ዛሬም የሚጠራው በአድዋው ጀግና በደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ስም ነው። በ1961 የፋርማሲ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። ዛሬ ሆስፒታሉም የፋርማሲ ትምህርት ቤቱም በቸርችል ጎዳና በኩል ጎረቤታሞች ናቸው። ከአገሪቱ ዳር እስከ ዳር ሪፈር የተባለ ሕመምተኛ የሚያርፈው እዚህ ነው፤ የመድኃኒት ባለሙያ ትውልድም የተቀረጸው እዚሁ ነው። በመድኃኒት ቤቱ መስኮት በኩል ለሕመምተኛው የሚነገረው ቃል ግን ለዘመናት አልተለወጠም፦ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፤ ከምግብ በኋላ።» መቼ እንደሚወሰድ ይነገራል። የትኛው ምግብ እንደሆነ አይጠየቅም።

በዚያን ጊዜ ጥያቄውን በሌላውም ዓለም የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነበር። የመጀመሪያው ጎልቶ የወጣ ታሪክ የመጣው በ1963 ከእንግሊዝ ነው። ባሪ ብላክዌል የሚባል ወጣት የአእምሮ ሐኪም በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ለድብርት በሚሰጥ አንድ ዓይነት መድኃኒት ላይ ያሉ ሕመምተኞች በድንገት ኃይለኛ ራስ ምታትና የደም ግፊት እንደሚነሣባቸው ጽፎ ነበርና፣ ጽሑፉን ያነበበ ሮው የተባለ የኖቲንግሃም መድኃኒት አዋቂ ደብዳቤ ላከለት፦ ባለቤቱ ያንኑ መድኃኒት እየወሰደች ቺዝ በበላች ቁጥር ያው ራስ ምታት ይነሣባታል። ብላክዌል መጀመሪያ አላመነም። ነገሩን ሲከታተል ግን እውነት ሆኖ አገኘው። ብዙ ጊዜ ተቀምጦ የበሰለ ቺዝ ውስጥ ታይራሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ጤነኛ ሰው በአንጀቱና በጉበቱ ያከሽፈዋል፤ መድኃኒቱ ግን የሚያከሽፈውን ኢንዛይም አስሮታል። የእኛ አይብ ትኩስ ስለሚበላ ታይራሚኑ ጥቂት ነው፤ ታሪኩ በአዲስ አበባ በኩል ድምፅ ሳያሰማ ያለፈውም ለዚህ ይመስለኛል።

በፍሬ በኩል ያለው ታሪክ የተገኘው በአጋጣሚ ነው፤ ያገኘውም ሰው ሯጭ ነበር። ዴቪድ ቤይሊ በ1966 አንድ ማይልን ከአራት ደቂቃ በታች በመሮጥ የመጀመሪያው ካናዳዊ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ባሸነፈበት በሜክሲኮው ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር ተወዳደረ። ትምህርቱ ፋርማሲ ነበር፤ በኋላም በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር፣ ለንደን በምትባል ከተማ፣ ስለ ደም ግፊት መድኃኒት ያጠና ጀመር። በ1980ዎቹ መጨረሻ ቡድኑ የያዘው ጥያቄ ቀላል ነበር፦ ፌሎዲፒን የተባለውን የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አልኮል ቢጠጣ ምን ይሆናል? ተሳታፊዎቹ አልኮል መጠጣታቸውንና አለመጠጣታቸውን እንዳይለዩ ጣዕሙን የሚሸፍን ነገር አስፈለገ። ቤይሊ አንድ ቅዳሜ ማታ ከባለቤቱ ጋር ማቀዝቀዣቸው ውስጥ ያገኙትን ጭማቂ ሁሉ ከአልኮል ጋር እየደባለቁ ቀመሱ። ከሁሉ የተሻለው የግሬፕፍሩት ጭማቂ ሆነ፤ መራራነቱ የአልኮሉን ጣዕም ዋጠው።

ጥናቱ ሲያልቅ የአልኮሉ ጉዳይ ወደ ጎን ሆነ። አልኮል በጠጡትም ባልጠጡትም ሰዎች ደም ውስጥ የነበረው የፌሎዲፒን መጠን ከዚያ በፊት በሌሎች ጥናቶች ከታየው እጅግ የበለጠ ነበር። ሁለቱም ወገኖች የጠጡት አንድ ነገር ነው፦ ያ ጭማቂ። ቤይሊ መጀመሪያ በራሱ ላይ ሞከረው። ከዚያም የደም ግፊታቸው ከፍ ማለት የጀመረ ስድስት ወንዶችን ይዞ ፌሎዲፒኑን በውኃ፣ በግሬፕፍሩትና በብርቱካን ጭማቂ ሰጥቶ አወዳደረ። ውጤቱ በየካቲት 1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። በውኃ ሲወሰድ ወደ ደም የሚደርሰው 100 ቢባል፣ ከግሬፕፍሩት ጋር በአማካይ 284 ሆነ። አንዱ ሰው 164 ብቻ ነበር፤ ሌላው 469። የብርቱካን ጭማቂ ምንም አልለወጠም።

በዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የታሪኩ ሁሉ ክብደት እዚህ ነውና። አማካዩ አይደለም አስፈሪው፤ ልዩነቱ ነው። ያው አንድ ክኒን፣ ያው አንድ ብርጭቆ፤ ለአንዱ ሰው ሁለት ክኒን እንኳ ሳይሞላ ለሌላው አምስት ሊሆን ምንም አልቀረው። ሐኪሙ ያዘዘው አንድ ነው። ሕመምተኛውም በታዘዘው መሠረት አንድ ነው የዋጠው። ግፊቱ ወርዶ ራሱን ቢስት፣ «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ያቆመዋል እንጂ ቁርስ ላይ የጠጣውን ጭማቂ ማን ይጠረጥራል?

ጽሑፉ በታተመ በአራተኛው ወር ደርግ ወደቀ። አዲስ አበባ የራሷ ጭንቀት ነበራት። የግሬፕፍሩት ነገርም ለከተማዋ ሩቅ ይመስል ነበር። ከአዋሽ ሸለቆ፣ ከመርቲና ከኑራ ኤራ እርሻዎች ፍራፍሬ በኢትፍሩት ሱቆች በኩል ይመጣል፤ ሰው ተሰልፎ የሚገዛው ግን ብርቱካንና ሙዝ ነው። ግሬፕፍሩትን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር።

የነገሩ አሠራር የተፈታው በ1990ዎቹ ነው። በአንጀታችን ግድግዳ ሴሎች ውስጥ ሳይንቲስቶች ሲዋይፒ 3ኤ4 የሚሉት ኢንዛይም አለ። ሥራው የዘበኛ ነው፤ ከምግብ ጋር የሚገባውን ባዕድ ኬሚካል ወደ ደም ሳያልፍ ይሰባብረዋል። ፌሎዲፒን በዚህ ዘበኛና በጉበት በኩል ሲያልፍ ወደ ደም የሚደርሰው ከተዋጠው 15 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ የክኒኑም መጠን የተቀመረው ይህ ብክነት ታስቦ ነው። ግሬፕፍሩት ውስጥ ያሉት ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ኢንዛይሙን ለጊዜው አዘናግተው አይተዉትም፤ ይገድሉታል። በ1997 በሚሺጋን የተሠራ ጥናት ለስድስት ቀን በቀን ሦስት ጊዜ ጭማቂውን የጠጡ ጤነኛ ወንዶችን አንጀት መረመረ። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ውስጥ የነበረው ኢንዛይም በ62 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። የጉበቱ አልተነካም።

ከዚህ የሚወጣው ነገር የመድኃኒት ቤቱን አሮጌ ቃል ከሥሩ ይነቅለዋል። የሞተው ኢንዛይም የሚተካው አንጀቱ አዲስ ሲሠራ ነው፤ ለዚያም ሁለት ሦስት ቀን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ጭማቂውን ጠዋት ጠጥቶ ክኒኑን ማታ መዋጥ አያድንም። «ከምግብ በፊት» ማለትም «ከምግብ በኋላ» ማለትም እዚህ ትርጉም የለውም። አንድ ብርጭቆ ይበቃል፤ አንድ ሙሉ ፍሬ ቆርጦ መብላትም ያው ነው። በዚያው ዘመን ለአለርጂ በብዛት ይታዘዝ የነበረው ተርፌናዲን በደም ውስጥ ሲከማች የልብን ምት እንደሚያዛባ ታውቆ ከአሜሪካ ገበያ በ1998 ወጣ። የሚያጠፋው ያው ኢንዛይም ነበርና ከሚያከማቹት ነገሮች አንዱ ግሬፕፍሩት ነበር።

ያን ሰሞን፣ ግሬፕፍሩት ሳይነካው፣ የኢትዮጵያውያን ሰውነት ራሱ የሳይንስ ጥያቄ ሆኖ በስቶክሆልም ቀርቦ ነበር። በካሮሊንስካ ተቋም የነበረችው ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር ሌላ ኢንዛይም ትመረምር ነበር፤ ሲዋይፒ 2ዲ6 ይባላል። ከምንወስዳቸው መድኃኒቶች ሩብ ያህሉን የሚያስተናግደው እሱ ነው። ስዊድናውያኑ ይህን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል በአንዳንድ ሰዎች ተባዝቶ እንደሚገኝ ቀደም ብለው ደርሰውበታል፤ ነገር ግን በአገራቸው ከመቶ ሰው አንዱ ወይም ሁለቱ ቢገኝ ነው። በ1996 የታተመው የእሌኒና የባልደረቦቿ ጥናት ከኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የተባዛ ዘረመል እንዳላቸው አሳየ። ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ቅጂ ያለው ሰው ተገኘ። እንዲህ ያለ ሰው አንዳንድ መድኃኒት ገና ሳይሠራ ሰባብሮ ይጨርሰዋል፤ እንደ ኮዴይን ያለውን ደግሞ በፍጥነት ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል።

ለምን እኛ? ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት መላ ምት ከምግብ ጋር የተያያዘ ነው። ይህ ኢንዛይም በዕፅዋት ውስጥ ያሉ አልካሎይድ የሚባሉ መራራና መርዘኛ ንጥረ ነገሮችን ማክሸፍ ይችላል። በረኃብ ዘመን ያገኘውን ቅጠልና ሥር ሁሉ ለመብላት የተገደደ ሕዝብ ውስጥ፣ ብዙ ቅጂ ያለው ሰው የመትረፍ ዕድሉ የሰፋ ይሆናል። መላ ምት ነው፤ እኔ ግን ሳነበው የክፉ ቀን ምግቦቻችን በሙሉ ፊቴ ላይ ይደረደራሉ፤ የሚመሩት፣ የሚኮመጥጡት፣ ተቀቅለውና ውኃቸው ተደፍቶ ብቻ የሚበሉት።

ከስድስት ዓመት በኋላ ይህንኑ መንገድ ወደ ኋላ የሚመልስ ውጤት መጣ። በ2002 የታተመው የእሌኒና የባልደረቦቿ ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ስዊድን ውስጥ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር አወዳደረ። ሁሉም አንድ መመርመሪያ መድኃኒት ዋጡ፤ ሽንታቸው ተለክቶ ሰውነታቸው መድኃኒቱን በምን ፍጥነት እንደሚለውጥ ታየ፤ ዘረመላቸውም ተነበበ። ዘረመሉ እኩል በሆኑት መካከል እንኳ አገር ቤት ያሉት ቀርፋፋ ሆነው ተገኙ። ሰዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ ዘረመላቸው አንድ ነው፤ የተለየው የሚኖሩበት አካባቢ ነው። ተመራማሪዎቹም ጣታቸውን ወደ አካባቢው፣ በተለይም ወደ ምግቡ ቀሰሩ። በአገር ቤቱ ገበታ ላይ ኢንዛይሙን የሚያስር አንድ ነገር አለ ማለት ነው። የትኛው እንደሆነ ጥናቱ አልለየም።

ይህ ጥናት በእያንዳንዱ የአዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነበረበት ብዬ አምናለሁ። የካናዳው ታሪክ ስለ አንድ ፍሬ ነው፤ ይህኛው ግን የመድኃኒቱ መጠን የተቀመረበት የባዕድ ገበታ የእኛ ገበታ አለመሆኑን የሚናገር ማስረጃ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ስለ እኛ በሽታዎች መድኃኒትም ዜናው ይከማች ጀመር። በ1999 ከሆላንድ የወጣ ጥናት የግሬፕፍሩት ጭማቂ አርቴሜተር የተባለውን የወባ መድኃኒት በደም ውስጥ እንደሚጨምረው አሳየ። በ2002 ከሜክሲኮ የወጣው ደግሞ ፕራዚኳንቴልን ይመለከታል፤ የቢልሃርዚያ ሕመምተኛ የሚወስደው፣ የኮሶ ትል ያለበትንም ከእንቆቆና ከኮሶ ያሳረፈው መድኃኒት። ከጭማቂው ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚደርሰው መጠን ሁለት እጥፍ ገደማ ሆነ። በ2004 ኢትዮጵያ አርቴሜተርን ከሉሜፋንትሪን ጋር ያጣመረውን ኮአርተምን ለፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ምርጫ አደረገች። የዚህ መድኃኒት ጠባይ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ምግብ ይፈልጋል። ሉሜፋንትሪን ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በባዶ ሆድ ከተዋጠው እስከ 16 እጥፍ ድረስ በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም ይገባል። ትኩሳት የምግብ ፍላጎቱን ዘግቶበት፣ ወይም ጾም ላይ ሆኖ፣ ክኒኑን በውኃ ብቻ የሚውጥ ሰው ግማሽ መድኃኒት እንኳ አላገኘም። ጾመኛውም ቢሆን መፍትሔ አለው፤ ዘይት የበዛበት ወጥ፣ ለውዝ፣ ኑግ። ይህን የሚነግረው ሰው ግን ያስፈልገዋል።

ብርቱካንም ንጹሕ ሆኖ አልቀረም። ቤይሊና ባልደረቦቹ በ2002 ሌላ ነገር አገኙ። አንጀት ውስጥ መድኃኒትን ተሸክመው ወደ ደም የሚያስገቡ ፕሮቲኖች አሉ። የግሬፕፍሩት፣ የብርቱካንና የፖም ጭማቂ እነዚህን ያግዳሉ። ያኔ የአለርጂው ፌክሶፌናዲን ወደ ደም ሳይደርስ አልፎ ይሄዳል። በ2005 የፊንላንድ ተመራማሪዎች በየመድኃኒት ቤታችን የሚገኘውን አቴኖሎልን ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ፈተኑ፤ ወደ ደም የሚደርሰው በ40 በመቶ ቀነሰ። እንግዲህ እዚህ አደጋው መብዛት ሳይሆን ማነስ ነው። ግፊቱ አልወርድ ያለው ሰው ሐኪሙ ዘንድ ይመለሳል፤ መድኃኒቱ ይጨመርለታል፤ ጭማቂውን ባቆመ ቀን ደግሞ የተጨመረው ሁሉ አንድ ላይ ይወርድበታል።

በልደታ ይህ ነገር የሕይወትና የሞት ጉዳይ የሚሆንበት አንድ ግቢ አለ። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የመሠረቱት የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ ፈንድ ለዓመታት ገንዘብ ሲያሰባስብ ኖሮ በ2009 በጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ሕክምና ማዕከል ከፈተ። በልጅነት የጉሮሮ ቁስል ጀምሮ የልብን በር የሚያበላሸው የሩማቲክ ልብ በሽታ በአገራችን ብዙ ልጆችን ይቀጥፋል። የተበላሸው የልብ በር በብረት ሲተካ ሕመምተኛው ዕድሜ ልኩን ዋርፋሪን ይወስዳል፤ ደም እንዳይረጋ። ዋርፋሪን ሲያንስ ደም ረግቶ በሩን ይዘጋል፤ ሲበዛ ደም ይፈስሳል። መሐሉ ጠባብ ነው። ስለዚህ ደሙ በየጊዜው እየተለካ መጠኑ ይስተካከላል።

ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ስለሆነ ዋርፋሪንን እንደሚያዳክም የታወቀ ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይነገራል። ፍሬው ግን ይረሳል። በ1991፣ የቤይሊ ጽሑፍ በወጣበት ዓመት፣ ያው ላንሴት አቮካዶ በብዛት የበሉ ሁለት ሴቶች ዋርፋሪናቸው እንደ ደከመባቸው ጻፈ። በ2002 ደግሞ በቀን ከአንድ እስከ ስድስት ማንጎ የበሉ 13 ወንዶች የደማቸው የመቅጠን ልኬት በአማካይ በ38 በመቶ ጨምሮ ተገኘ፤ ማንጎውን ሲተዉ ወረደ። ሁለቱም ትናንሽ ዘገባዎች ናቸው፤ ከዚህ ተነሥቶ አቮካዶና ማንጎ ይከልከል የሚል የለም። ነገር ግን በከተማችን ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ አብነት ባሉት ጭማቂ ቤቶች በጣም የሚወደደው ስፕሪስ ምንድን ነው? አቮካዶውና ማንጎው በአንድ ብርጭቆ የተደራረቡበት ነው፤ አንዱ መድኃኒቱን ወደ ታች፣ ሌላው ወደ ላይ የሚጎትቱ ሁለት ፍሬዎች። ዋርፋሪን ላይ ያለች ልጅ በማንጎ ወቅት በየቀኑ ብትጠጣ፣ ወቅቱም ሲያልፍ ብትተው፣ የደም ልኬቷ መዋዠቁ አይቀርም። የሚያስፈልጋት ክልከላ አይደለም፤ ያልለመደችውን በድንገት አለማብዛት፣ ስትጀምርና ስታቆም ለሐኪሟ መናገር ነው።

በ2012 መጨረሻ ቤይሊ ሃያ ዓመት የተከማቸውን ማስረጃ ጠቅልሎ አወጣ። ከግሬፕፍሩት ጋር የሚጋጩ መድኃኒቶች ከ85 በላይ ደርሰዋል፤ ከእነሱም 43ቱ ብርቱ ጉዳት ሊያደርሱ የሚችሉ ናቸው። በአራት ዓመት ውስጥ ብቻ የእነዚህ ብርቱዎቹ ቁጥር ከ17 ተነሥቶ እዚህ ደረሰ። ዝርዝሩን ላነበበ ኢትዮጵያዊ እንግዳ ስሞች አይደሉም፦ ለኮሌስትሮል ሲምቫስታቲንና አቶርቫስታቲን፣ ለግፊት ፌሎዲፒንና ኒፌዲፒን፣ ለሚጥል በሽታ ካርባማዜፒን። ለእነዚሁ ሕመሞች ከሚሰጡት ውስጥ ደግሞ የማይነኩ አሉ፤ ሮሱቫስታቲን አይነካም፣ ኤናላፕሪልም አይነካም። ስለዚህ ፍሬውን የሚወድ ሰው ፍሬውን ሳይሆን መድኃኒቱን መቀየር ይችላል፤ የሚጠይቀው ካለ።

ቤይሊ በዚያው ጽሑፍ የግሬፕፍሩትን ዘመዶች ጭምር ጠርቷል፤ ጭንቅላት የሚያህለውን ፖሜሎን፣ ማርማላታ የሚሠራበትን ኮምጣጣ ብርቱካን፣ ሎሚን። እኔ እዚህ ላይ ቆሜያለሁ። ግሬፕፍሩት በልደታ ገበያ ብርቅ ሊሆን ይችላል። ሎሚ ግን በሻይ ላይ፣ በሰላጣ ላይ፣ በስፕሪሱ አናት ላይ፣ ለጉንፋን ከማር ጋር፣ በየቤቱ አለ። ጥቂት ጠብታ ያን ያህል ለውጥ አያመጣም። ክብደት ለመቀነስ ብለው በየማለዳው ብርጭቆ ሙሉ የሎሚ ጭማቂ የሚጠጡ ሰዎች ጉዳይ ግን ሌላ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ የግፊትና የኮሌስትሮል መድኃኒት የሚወስዱት ናቸው።

2015 ለዚህ ታሪክ የሞላ ዓመት ነው። በመስከረም ወር የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ አደረገ። የተተከለው ኩላሊት እንዳይገፋ የሚወሰደው ታክሮሊመስ የሚጠፋው በዚያው በአንጀቱ ኢንዛይም ነው። በ2003 አንድ ኩላሊት የተተከለለት ጃፓናዊ ፖሜሎ በልቶ የደሙ ታክሮሊመስ በአደገኛ መጠን እንደጨመረ ተጽፏል። ታክሮሊመስ ሲበዛ የሚጎዳው ራሱን ኩላሊቱን ነው፤ ዘመድ ከሰውነቱ ቆርጦ የሰጠውን። በዚያው በ2015 የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኮዴይን ጥቅም ላይ እንዳይውል አገደ። በ1996 በስቶክሆልም የተቆጠረው 29 በመቶ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ በአዲስ አበባ ውሳኔ ሆነ።

በ2002 የተነሣው፣ በገበታችን ላይ ኢንዛይሙን የሚያስረው የትኛው ነው የሚለው ጥያቄም በዚያው በ2015 ከፊል መልስ አገኘ፤ መልሱም የመጣው ከጥቁር አንበሳው ጎረቤት፣ ከፋርማሲ ትምህርት ቤት ጓዳ ነው። ወርቁ በዳዳ፣ ኤፍሬም እንግዳወርቅ፣ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው 40 ኢትዮጵያውያን ወንዶችን ይዘው ጫትን ፈተኑ። ሰዎቹ ለአንድ ሳምንት ከጫት ርቀው ቆዩ፤ ከዚያ ለሳል የሚሰጠውን ዴክስትሮሜቶርፋን 30 ሚሊ ግራም ወስደው ደማቸው ተለካ። ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ 400 ግራም ትኩስ ጫት ቃሙ፤ ያው መድኃኒት ተሰጥቷቸው ያው ልኬት ተደገመ። መቃማቸውም በሽንት ምርመራ ተረጋገጠ። ጫቱ ሲዋይፒ 2ዲ6ን አዘገየው፤ ሳይለወጥ የቀረው መድኃኒት ከተለወጠው ጋር ሲነጻጸር በ38 በመቶ ከፍ አለ። መዘግየቱ የበረታው ደግሞ ኢንዛይማቸው ሙሉ በሆነ ሰዎች ላይ ነው። በአንጀቱ ኢንዛይም በሲዋይፒ 3ኤ4 ላይ ግን ለውጡ ለወሬ የሚበቃ አልነበረም። ቀደም ብሎ በ1997 የየመን ተመራማሪዎች ጫት ወደ ደም የሚገባውን የአምፒሲሊንና የአሞክሲሲሊን መጠን እንደሚቀንስ አሳይተው ነበር። እንዲህ ሆኖ ኢትዮጵያ ውስጥ በአፍ የሚገባ አንድ ተክል፣ በኢትዮጵያውያን ላይ፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ባሉበት ጥናት ተለካ።

ዴቪድ ቤይሊ በነሐሴ 2022 አረፈ። ቅዳሜ ማታ ከማቀዝቀዣው ያወጣው ጭማቂ በብዙ አገር የመድኃኒት መመሪያ ወረቀት ላይ የማስጠንቀቂያ መስመር ሆኗል፤ ወደ አገራችን በሚገቡ ማሸጊያዎች ውስጥም ያ መስመር በእንግሊዝኛ፣ በደቃቁ ተጽፎ ይገኛል። ሕመምተኛው ወረቀቱን ከነማሸጊያው ይጥለዋል። በመስኮቱ በኩል ያለው ባለሙያ ወረፋው ረጅም ነው፤ ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም ዋርፋሪን፣ ታክሮሊመስ፣ ካርባማዜፒን፣ ሲምቫስታቲን ወይም ኒፌዲፒን ለሚቀበል ሰው አንድ ጥያቄ መጨመር ይቻላል፦ «እማማ፣ ጭማቂ ይጠጣሉ? የምን?» መልሱ ሎሚ በብርጭቆ ከሆነ፣ ወይም ማንጎ በየቀኑ ከሆነ፣ የሚነገራቸው ነገር ይቀየራል።

ለፋርማሲ ትምህርት ቤቱም የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። የ2015ቱ ጥናት ንድፍ እጃቸው ላይ ነው፦ አርባ ፈቃደኛ፣ አንድ ሳምንት ርቆ መቆየት፣ አንድ ሳምንት መጠቀም፣ ሁለት ጊዜ የደም ልኬት። በጫቱ ቦታ የአገር ቤት ሎሚን፣ ቀጥሎ ትርንጎን፣ ቀጥሎ ኮምጣጣውን ብርቱካን ተክተው፣ የሳሉን መድኃኒት በፌሎዲፒን ወይም በኒፌዲፒን ለውጠው እንዲለኩልን ነው። ሎሚው ከደጃቸው ይሸጣል።